ኢንተርኔት የጠፋበት ሱባኤ

ነሐሴ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.፥ ሌሊቱን ሙሉ ሲወርድ ያደረው ዝናብ አባርቶ የእንጦጦ ጭጋግ ግን ገና በጉለሌ ባሕር ዛፎች ጫፍ ላይ ተንጠልጥሎ ሳለ፥ ኪዳን አድርሰው ከደብራቸው የተመለሱትን አረጋዊ የመጻሕፍት መምህር፥ ነጠላቸውን ሳያወልቁ፥ መቋሚያቸውንም ከግድግዳው አስደግፈው፥ በሳሎናቸው ጥግ ካለው ኮምፒዩተር ፊት ለፊት፥ በደጀ ሰላም ተራውን እንደሚጠብቅ ባለጉዳይ እጃቸውን በጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀምጠው አገኘናቸው። ሰፈሩ ሁሉ «የኔታ» ስለሚላቸው እኔም በዚሁ እጠራቸዋለሁ። ጊዜው ፍልሰታ ነው፤ የውዳሴ ማርያም ትርጓሜ በየአድባራቱ የሚሰማበት፥ ሽማግሌውና ሕፃኑ በአንድነት የሚጾሙበት ሱባኤ ስለ ሆነም፥ የኔታ በሌላ ወራት ቢሆን ኖሮ በትዕግሥት የሚያልፉትን ነገር በዚህ ሰሞን ሊያልፉት አልተቻላቸውም። ኢንተርኔት ከጠፋባቸው ሦስት ቀን ሆኗል።

አንድ የመጻሕፍት መምህር ኢንተርኔት ምን ያደርግላቸዋል ብሎ የሚደነቅ አንባቢ ቢኖር አልፈርድበትም፤ እኔም አስቀድሜ ተደንቄ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1973 በአገራችን ገዳማትና አድባራት፥ በየግለሰቡም ቤት የሚገኙትን የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም የማንሣት ሥራ ተጀምሮ፥ ከ9,000 የሚበልጡ መጻሕፍት በየተራቸው ከማኅደራቸው እየወጡ ተነሥተዋል፤ የፊልሙም ቅጂ በአሜሪካ፥ በሚኒሶታ፥ ኮሌጅቪል በተባለች ስፍራ በሚገኘው በቅዱስ ዮሐንስ ዩኒቨርሲቲ የብራና ቤተ መጻሕፍት ተቀመጠ። ነፍሳቸውን ይማርና፥ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ የዕድሜአቸውን ብዙውን ክፍል የፈጁት እነዚህን መጻሕፍት እየመረመሩ ዝርዝራቸውን በማዘጋጀት ነበር። ዛሬ ቤተ መጻሕፍቱ በኢንተርኔት በከፈተው የንባብ ክፍል፥ ከእነዚህ ብራናዎች ብዙዎቹን ማንም ሰው ከቤቱ ሳይወጣ ቅጠል በቅጠል ሊያነባቸው ይችላል። የኔታም በወጣትነታቸው በቃል ያጠኑትን የውዳሴ ማርያም ትርጓሜ፥ አይተውት ከማያውቁት ከሌላ ደብር ብራና ጋር እያስተያዩ፥ አንድ ቃል የተለየበትን ቦታ ባገኙ ቁጥር በደብተራቸው ጠርዝ ላይ ምልክት እያኖሩ ወደ ሐሙሱ ውዳሴ ደርሰው ነበር። ንባቡ የቆመው እዚያ ላይ ነው።

በከተማችን «ኢንተርኔት የለም»፥ «ኔትወርክ የለም»፥ በመሥሪያ ቤት ደግሞ «ሲስተም የለም» የሚባሉ ሦስት አነጋገሮች አሉ፤ ባለጉዳይ የሆነ ሰው ይህን በሰማ ጊዜ ፊቱን አዙሮ ወደ መጣበት ከመመለስ በቀር የሚከራከርበት አንቀጽ የለውም። እኔ እንደሚመስለኝ ግን እነዚህ አነጋገሮች የደዌ ስም አይደሉም፤ ሕመምተኛ «አሞኛል» እንደሚለው ያሉ ናቸው። ራሱን ይሁን ሆዱን፥ ጥርሱን ይሁን ልቡን፥ «አሞኛል» ያለው ሰው ገና አልተናገረም። ኮምፒዩተርም ከዓለም ጋር መገናኘት ሲሳነው፥ ደዌው ከጠረጴዛው ሥር ከተዘረጋው ገመድ አንሥቶ ባሕር ማዶ እስካለው ቤተ መጻሕፍት ድረስ ባለው መንገድ፥ በየትኛውም ማደሪያ ሊገኝ ይችላል፤ የጠጋኙም ጥበብ ይህን ረዥም መንገድ ከፋፍሎ፥ ጤነኛውን ከሕሙሙ እየለየ መሄድ ነው።

አብሮኝ የመጣው ወጣት በፒያሳ አካባቢ ኮምፒዩተር በመጠገን የሚተዳደር የጎረቤቴ ልጅ ነው። ሰላምታውን አቅርቦ፥ ጉልበት ስሞ፥ ስክሪኑን ገልመጥ ብቻ አደረገና ወዲያውኑ በደረቱ ተኝቶ ከጠረጴዛው ሥር ገባ። የኔታም ግራ ተጋብተው፦

«ልጄ፥ ሕመሙ ከላይ ነው፤ አንተ ከታች ምን ትፈልጋለህ?» አሉት።

«ከታች ካልጀመርኩ እሳሳታለሁ፥ የኔታ» አለ ድምፁ ከጠረጴዛው ሥር ታፍኖ። «መጀመሪያ ገመዱ፥ ከዚያ ሞደሙ፥ ከዚያ አድራሻው፥ ከዚያ ውጭ አገር ያለው፤ ገጹ መጨረሻ ነው። የታችኛው ሳይሠራ የላይኛው አይሠራም።»

«ፊደል ሳይለይ ዳዊት፥ ዳዊት ሳይደግም ቅኔ የለም ማለትህ ነዋ!» አሉ የኔታ፤ ከዚህ በኋላም ወጣቱን እንደ ባለ ሙያ ሳይሆን እንደ አንድ የጉባኤ ቤት ልጅ ይመለከቱት ጀመር።

ሞደሙ ከመስኮቱ ደፍ ላይ ተቀምጦ ትንንሽ መብራቶቹን ያበራል። ከእነዚህ መብራቶች አንዱ፥ በአሮጌው የስልክ ገመድ በኩል ከቴሌፎን ጣቢያው ጋር ያለውን ግንኙነት የሚያመለክተው፥ ሳይርገበገብ ቀጥ ብሎ በርቶ ነበር፤ ይህ መብራት የሚርገበገበው ሞደሙ በዚያኛው ጫፍ የሚመልስለት አጥቶ ሲጣራ ስለ ሆነ፥ ቀጥ ብሎ መብራቱ ከደጅ እስከ ጣቢያው ያለው መዳብ ደኅና ነው ማለት ነው። ወደ ኮምፒዩተሩ የሚሄደው ገመድ የተሰካበት ቀዳዳ መብራት ግን ድርግም ብሎ ጠፍቷል። ወጣቱ ከጠረጴዛው ሥር የገመዱን ጫፍ ይዞ ወጣ። በዚህ ገመድ ውስጥ 8 ቀጫጭን ሽቦዎች ሁለት ሁለት እየሆኑ በ4 ጥንድ ተገምደዋል፤ የመገመዳቸውም ምክንያት ከውጭ የሚመጣው የኤሌክትሪክ ሁከት ሁለቱን ጥንድ ሽቦዎች እኩል ስለሚነካቸው ተቀባዩ አንዱን ከሌላው ሲቀንስ ሁከቱ እንዲሻር ነው፤ እስከ 100 ሜትር ድረስም በዚህ ሥርዓት መልእክት ያደርሳል። ይህን ሁሉ ብልሃት የያዘው ገመድ በቀዳዳው ውስጥ ተይዞ የሚቆየው ግን ከጥፍር በማትበልጥ አንዲት የፕላስቲክ ምላስ ነው፤ እርሷም ተሰብራለች።

የየኔታ የልጅ ልጅ አፍራ መሰከረች። ከሦስት ቀን በፊት በሌሊት ጣሪያው ስላፈሰሰ፥ በጨለማ፥ መብራትም ጠፍቶ ስለ ነበር፥ ጠረጴዛውን ጎትታ ከፍሳሹ አሽሽታለች፤ ገመዱ የተጎተተው ያን ጊዜ መሆን አለበት። ወጣቱ ከቦርሳው ሌላ ገመድ አውጥቶ «ጠቅ» እስኪል ሰካው፤ አረንጓዴው መብራት በራ። እኔም ነገሩ የተፈጸመ መስሎኝ ወደ ነጠላዬ እጄን ሰድጄ ነበር።

አልተፈጸመም። ወጣቱ የፊደል ብቻ የሆነውን ጥቁር መስኮት ከፍቶ ኮምፒዩተሩን አድራሻውን ጠየቀው፤ መልሱም በ169.254 የሚጀምር ቁጥር ሆነ። ይህን ቁጥር ባየ ጊዜ ወጣቱ ከንፈሩን መጠጠ። ነገሩን ለየኔታ ያስረዳበት ምሳሌ ደስ ስላሰኘኝ እንደ ነገረን እጽፈዋለሁ። አንድ ኮምፒዩተር ወደ ቤት ኔትወርክ ሲገባ፥ ድግስ ቤት እንደ ገባ እንግዳ የሚቀመጥበትን አያውቅምና፥ «የሚያስቀምጠኝ ሰው አለ ወይ?» ብሎ ለሁሉም ይጣራል፤ አስተናጋጁ ሞደምም «ይህ ቦታ ክፍት ነው» ይለዋል፤ እንግዳው «እንግዲያውስ እርሱን ስጠኝ» ሲል፥ «ያንተ ነው፥ እስከዚህ ሰዓት ድረስ ተቀመጥበት» ተብሎ ይጸናለታል። በዚህ አራት ቃል ነገሩ ያልቃል። ጠርቶ ጠርቶ የሚመልስለት ሲያጣ ግን፥ እንግዳው እንደ ቆመ አይቀርም፤ በበሩ አጠገብ በራሱ ሥልጣን መሬት ላይ ይቀመጣል። በ169.254 የሚጀምረው አድራሻ ያ መሬት ነው። እዚያ የተቀመጠ፥ እንደ እርሱ መሬት ከተቀመጡት ጋር ማንሾካሾክ ይችላል፤ ከድግሱ ወጥ ግን አይደርሰውም።

ሞደሙ ስለምን ዝም አለ? መብራት በጠፋና በመጣ ቁጥር የኤሌክትሪኩ ኃይል ከፍ ዝቅ እያለ ስላወከው፥ መብራቶቹ እንደ በሩ፥ ከውስጥ ያለው ሐሳቡ ግን ፈዝዞ ቀርቷል። ሞደም የምንለው ዕቃ ራሱ ትንሽ ኮምፒዩተር ነው፤ በሥራ ላይ ሳለ የሚያስታውሰውም፥ ጤናማውም የተጣመመውም፥ ኃይል እስካለ ድረስ ብቻ በሚቆይ ማኅደረ ትዝታ ስለ ተጻፈ፥ አጥፍቶ ማብራት የሚባለው፥ ብዙ ሰው እንደ ጥንቆላ የሚያየው መድኃኒት፥ የተጣመመውን ጽሑፍ ፍቆ ከመጀመሪያው ማስጀመር ነው። ወጣቱ የሞደሙን ገመድ ከሶኬቱ ነቅሎ እስከ 30 ቆጠረ፤ ኃይል ያጠራቀሙት ትንንሽ ዕቃዎች እስኪራቆቱ መታገሥ ያስፈልጋልና። መልሶ ባበራው ጊዜ የኮምፒዩተሩ አድራሻ 192.168.1.5 ሆነ።

በዚህ አኃዝ ላይ ጥቂት ልቁም። የኢንተርኔት ቀደምት ሥርዓት የሚያውቃቸው አድራሻዎች ጠቅላላ ድምራቸው 4,294,967,296 ነው፤ ይህም ከዓለም ሕዝብ ቁጥር ያነሰ በመሆኑ፥ እ.ኤ.አ. በ1994 ጥቂት የቁጥር ዘሮች ለቤትና ለመሥሪያ ቤት ውስጥ አገልግሎት ብቻ ተለይተው ተመደቡ። ስለዚህ በጉለሌ፥ በመርካቶም፥ በዋሽንግተንም፥ በኢየሩሳሌምም 192.168.1.5 የተባለ ኮምፒዩተር በአንድ ጊዜ ሊኖር ይችላል። በየግቢው «እማማ» የሚባሉ አንዲት አሮጊት እንዳሉና ከግቢው ውጭ ግን «የማን ግቢ እማማ?» ተብሎ እንደሚጠየቅ ያለ ነው፤ ወደ ውጭ ሲወጣ ሞደሙ የግቢውን ስም ይሰጣል።

አሁን አድራሻ ስለ ተገኘ መጣራት ተጀመረ። ፒንግ የተባለችውን ትንሽ ፕሮግራም የሠራት ማይክ ሙስ የተባለ አሜሪካዊ የጦር ሠራዊት ምርምር ባለ ሙያ ሲሆን፥ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1983 አንድ የታወከ ኔትወርክ ቢያስቸግረው በጥቂት ሰዓቶች ውስጥ ጽፎ እንዳዘጋጃት ይታወቃል፤ ስሟንም ያወጣላት የባሕር ሰርጓጅ መርከብ በጥልቁ ውኃ ውስጥ ድምፅ ልኮ ገደል ማሚቶውን ከሚያዳምጥበት መሣሪያ ነው። ሥራዋም ይኸው ነው፦ «አለህ?» ትላለች፤ ያም «አለሁ» ይላል፤ እርሷም በመካከሉ ያለፈውን ጊዜ ትቆጥራለች። ወጣቱ በመጀመሪያ 127.0.0.1 ብሎ ኮምፒዩተሩ ራሱን እንዲጠራ አደረገው፤ ራሱን ሰማ። ቀጥሎ 192.168.1.1 ብሎ ሞደሙን ጠራ፤ መለሰ። ከዚያም 8.8.8.8 ብሎ የጉግልን አገልጋይ ጠራ። አገራችን የባሕር ጠረፍ ስለሌላት ይህ ጥሪ በየብስ ተጉዞ በጎረቤት አገሮች በኩል ከባሕር ሥር በተዘረጋው የመስታወት ገመድ ላይ መሳፈር አለበት፤ ብርሃን በመስታወት ውስጥ በአንድ ሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚሄድም፥ ዓይን ተጨፍኖ ሳይገለጥ መልሱ መጣ። የኔታ ይህን በሰሙ ጊዜ «ሳይታጠቅ፥ ሳይሰነቅ» ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ።

ቁጥር ከመለሰ የሚቀረው ስም ነው፤ ሰው ስም እንጂ ቁጥር አያስታውስምና። በጥንቱ ዘመን የኮምፒዩተሮች ሁሉ ስምና አድራሻ በካሊፎርኒያ በአንድ የምርምር ተቋም በአንድ መዝገብ ተጽፎ ይቀመጥ፥ ሁሉም ከዚያ እየገለበጠ ይወስድ ነበር፤ መዝገቡ ሸክም በሆነ ጊዜ፥ እ.ኤ.አ. በ1983 ፖል ሞካፔትሪስ የተባለ ሊቅ ስሙ በየግዛቱ ተከፋፍሎ የሚጠየቅበትን የዛሬውን ሥርዓት ደነገገ። ቁጥር እየመለሰ ስም የማይፈታ ኢንተርኔት ብዙ ጊዜ ያጋጥማል፤ የኔታ ቤት ግን የቤተ መጻሕፍቱን ስም ብንጠይቅ ቁጥሩ ወዲያው መጣ።

እንግዲህ ገመዱ ደኅና፥ ሞደሙ ደኅና፥ አድራሻው ደኅና፥ ሩቁም ስሙም ደኅና ሆነው፥ በስክሪኑ ጥግ ያለችው ምልክትም «ተገናኝቷል» እያለች፥ ገጹ አልከፈት አለ። አንዱ ብቻ ሳይሆን ሁሉም። በብራውዘሩ ላይ ቀይ ምልክት ያለበት ማስጠንቀቂያ ብቅ ይላል፤ ወጣቱ ይዘጋዋል፤ እንደገና ይሞክራል፤ ብቅ ይላል፤ ይዘጋዋል። ሞደሙን ዳግመኛ አጠፋ፤ ሌላ ብራውዘር ሞከረ፤ ቫይረስ ይሆናል አለ። በግንባሩ ላይ ላብ ሲታይ የልጅ ልጃቸው ቡና ይዛ ገባችና፥ እንዲያው ለጨዋታ ያህል፥ «በኔ ስልክ እኮ ይሠራል፤ በዚሁ ዋይፋይ ነው የምጠቀመው» አለች።

ወጣቱ ግንባሩን በመዳፉ መታ። ይህን ጥያቄ ከበሩ ሳይገባ ሊጠይቀው ይገባ ነበር፤ በአንድ ሞደም ላይ አንዱ ዕቃ ሠርቶ ሌላው ካልሠራ፥ ከሞደሙ ወዲያ ያለው ዓለም ሁሉ ከክስ ነጻ ነውና። እርሱ ግን በተማረው ቅደም ተከተል ተመክቶ የቤቱን ሰው ሳይመረምር ቀረ። እኔ አልፈርድበትም፤ ሐኪሞችም እንዲህ ያደርጋሉ።

በዚህ ጊዜ ነበር የኔታ ወንበራቸውን ወደ ስክሪኑ ያስጠጉት።

«ይህ እየመጣ የምትዘጋው ጽሑፍ ምን ይላል?»

«ማስጠንቀቂያ ነው፥ የኔታ። ግንኙነትዎ አስተማማኝ አይደለም ምናምን ይላል።»

«ምናምን?» አሉ የኔታ፤ ዕድሜአቸውን ሙሉ በአንዲት ቃል ላይ «አንድም፥ አንድም» እያሉ ሲያመሰጥሩ የኖሩ ሰው ይህን ቃል ሊታገሡት እንደማይችሉ መገመት አያዳግትም። «ምናምን የሚባል ንባብ የለም። ዘጋኸው እንጂ አላነበብከውም። ነጠላ ንባቡን አሰማኝ፤ ትርጓሜው በኋላ ይደርሳል።»

ወጣቱ እንደ ተማሪ አቀርቅሮ እንግሊዝኛውን ከላይ እስከ ታች እያነበበ ወደ አማርኛ መለሰው። ከትልቁ አርእስት በታች እንዲህ የሚል ተጽፎ ነበር፦ ሰዓትዎ ወደ ኋላ ቀርቷል።

ሦስታችንም ዓይናችንን ወደ ስክሪኑ ቀኝ ጥግ ጣልን። 3:40 ይላል፤ ከበታቹም 12/12/2017።

«ትክክል ነው» አሉ የኔታ በእርጋታ። «ከጧቱ 3 ሰዓት ከ40 ነው። ነሐሴ ዐሥራ ሁለተኛው ወር ነው፥ ቀኑም ዐሥራ ሁለት ነው፥ ዘመኑም 2017፥ ዘመነ ማቴዎስ። ራሴ ነኝ ያስተካከልኩት።»

ቤቱ ጥቂት ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ ወጣቱ ሳቁን መግታት ተስኖት ወደ ግድግዳው ዞረ። ነገሩ እንዲህ ነበር፦ ከሦስት ቀን በፊት በዚያች የዝናብ ሌሊት መብራት ሲጠፋ፥ ኮምፒዩተሩ ሰዓቱን ሳያስብ አደረ፤ በማግሥቱ ሲከፈትም ከፋብሪካ ሲወጣ ወደ ተሰጠው ቀን፥ ወደ 2013 መጀመሪያ ተመለሰ። የኔታም 2013ን ባዩ ጊዜ፥ ማሽኑ አራት ዓመት ወደ ኋላ እንደ መለሳቸው ተረድተው፥ የልጅ ልጃቸው ባስተማረቻቸው መንገድ ገብተው ከዕለቱ ጋር አስማሙት፤ ከዚያም ወዲህ በየማለዳው ኪዳን አድርሰው ሲመለሱ የዘመን አቆጣጠር፥ የአቡሻህር፥ ሊቅ በሚገባው ጥንቃቄ ይመለከቱታል። ማሽኑ ግን ዐሥራ ሁለተኛውን ወር ዲሴምበር ብሎ አነበበው። በውጭው ዓለም አቆጣጠር ዕለቱ ኦገስት 18 ቀን 2025 ነበርና፥ የየኔታ ኮምፒዩተር ከዓለም 7 ዓመት ከ8 ወር ከ6 ቀን ወደ ኋላ ቀርቶ ቆሟል።

ቀን መሳሳቱ ገጽ እንዳይከፈት የሚያደርገው ስለ ምንድን ነው? ዛሬ አብዛኛው ገጽ ለአንባቢው ከመከፈቱ አስቀድሞ «እኔ በእውነት እርሱ ነኝ» የሚልበትን ማኅተም ያለበት ደብዳቤ፥ በባለ ሙያዎቹ አጠራር ሰርተፊኬት የሚሉትን ያቀርባል። በደብዳቤው ላይ ሁለት ቀኖች አሉ፦ የሚጸናበት ቀንና የሚሻርበት ቀን። ብራውዘሩ ሁለቱን ቀኖች ከኮምፒዩተሩ ሰዓት ጋር ያስተያያል፤ ዛሬ ከሁለቱ መካከል ካልሆነ በሩን ይዘጋል። በዚያ ሰሞን በነበረው ሥርዓት እንዲህ ያለ ደብዳቤ ከ398 ቀን በላይ እንዲጸና አይፈቀድለትም ነበር፤ ብዙዎቹም የ90 ቀን ብቻ ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ2029 ደግሞ ወደ 47 ቀን እንዲወርድ ተወስኗል። ስለዚህ በ2017 ዲሴምበር ለተቀመጠ ኮምፒዩተር፥ በዓለም ላይ ያለው ደብዳቤ ሁሉ ገና ያልተወለደ ሰው የፈረመው ውል ሆኖ ይታየዋል። በስክሪኑ ጥግ ያለችው ምልክት «ተገናኝቷል» ማለቷም ውሸት አልነበረም፤ ዊንዶውስ ይህን የሚያረጋግጠው ከራሱ ድርጅት አንዲት አጭር ጽሑፍ ያለ ማኅተም በግልጽ አምጥቶ በማንበብ ስለ ሆነ፥ ለእርሷ ቀን አያስፈልጋትም።

«ታዲያ እንዲህ ዐዋቂ ከሆነ፥ ስለ ምን ራሱን አላረመም?» አሉ የኔታ፤ ጥያቄውም ተገቢ ነው። ኮምፒዩተሮች ሰዓታቸውን እርስ በርስ የሚያስማሙበትን ሥርዓት ዴቪድ ሚልስ የተባለ አሜሪካዊ ሊቅ ከ40 ዓመት በፊት ደንግጎላቸዋል፤ ዊንዶውስም በዚሁ ሥርዓት በየጊዜው ከሩቅ አገልጋይ ሰዓት ይጠይቃል። ነገር ግን የተነገረው ሰዓት እርሱ ከያዘው ከ54,000 ሰከንድ፥ ማለትም ከ15 ሰዓት በላይ የራቀ እንደ ሆነ፥ የሚነግረው ሐሰተኛ ነው ብሎ አይቀበለውም። ከዚህ የተነሣ የኔታ ሰዓቱን ብቻ እንደ አገራችን ልማድ ከንጋት ቆጥረው 3:40 ብለውት ቢሆን ኖሮ፥ ልዩነቱ 6 ሰዓት ብቻ ነውና ማሽኑ በዝምታ አርሞት ማንም ሳያውቅ ባለፈ ነበር። ዘመኑ ነው ያልታረመው።

«እንግዲህ የኔ ቀን ስሕተት ነው ልትለኝ ነው» አሉ የኔታ።

«ኧረ የለም፥ የኔታ! ቀንዎ ትክክል ነው። እሱ የሚቆጥረው በሌላው ነው እንጂ።»

«ከየት አንሥቶ ይቆጥራል?»

ይህ ጥያቄ ይመጣል ብዬ አላሰብኩም ነበር፤ ወጣቱ ግን መልሱን ያውቀው ነበር። ዊንዶውስ ዘመንን የሚቆጥረው እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1 ቀን 1601 አንሥቶ ነው፤ ምክንያቱም ጳጳሱ ጎርጎርዮስ በ1582 ባወጡት አቆጣጠር አንድ ዑደት 400 ዓመት ስለ ሆነና ያ ዓመት የአንዱ ዑደት መነሻ ስለ ነበር ነው። የኔታ እርሳስ አስመጡ። በ400 ዓመት ውስጥ ስንት ጊዜ አንዲት ዕለት እንደምትጨመር ጠየቁ፤ 97 ጊዜ አልናቸው። ዝቅ ብለው ጥቂት ከሠሩ በኋላ፦ «146,097 ዕለት ነው፤ ለሰባት ቢካፈል ያለ ቀሪ 20,871 ሱባኤ ይወጣል፤ ስለዚህ በዑደቱ ፍጻሜ ዕለታቱ ወደየመነሻቸው ይመለሳሉ ማለት ነው» አሉ፤ ፊታቸውም በራ። «የእኛው ዐቢይ ቀመር 532 ዓመት ነው፤ ጨረቃዋንም ፀሐይዋንም ዕለቱንም አንድ ላይ ይመልሳል። የነርሱ ጨረቃዋን ትቷታል፤ ቢሆንም የሰነፍ ሥራ አይደለም።» ከዚያም እኔን ወደ ጎን ትተው ለወጣቱ ከቀመሩ ቁጥሮች የዓመቱ መጥቅዕ 29 አበቅቴውም 1 እንደ ሆነ፥ ሁለቱ በየትኛውም ዘመን ተደምረው ከ30 እንደማያልፉና እንደማያንሱ ይነግሩት ጀመር፤ ወጣቱም ስልኩን አውጥቶ ያለፉትን ዓመታት ሲፈትን ቡናው ቀዘቀዘ።

እኛ ኢትዮጵያውያን የምንውለው በሁለት አቆጣጠር መካከል ነው። የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ሁለት ቀን ይጽፋል፤ የአውሮፕላን ቀጠሮ «በፈረንጅ ነው በሐበሻ?» ሳይባል አይቆረጥም፤ ይህን መተርጎም ከመለማመዳችን የተነሣ እንደምንተረጉም እንኳ ረስተነዋል። የማይተረጉም ነገር ሲያጋጥመን ነው የምንነቃው።

የቀረው የእጅ ሥራ ነው። ኮምፒዩተሩ ዐሥር ዓመት ያህል ያገለገለ ስለ ሆነ፥ መብራት ሲጠፋ ሰዓቱን የምታስታውሰው በማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ክብ ባትሪ አልቃለች። ሲአር 2032 ትባላለች፤ ስሟ ራሱ መጠኗን ይናገራል፦ ስፋቷ 20 ሚሊ ሜትር፥ ውፍረቷ 3.2። ወጣቱ ሮጦ ከመንገዱ ዳር ከሰዓት አዳሹ ዘንድ ገዝቶ መጣ፤ ከዚያ የኮምፒዩተሩን ጎን ፈታ፤ አቧራው እንደ ጤፍ ዱቄት ቦነነ፤ አሮጌዋን በጥፍሩ ፈልቅቆ አዲሲቱን በስፍራዋ ተጫናት። ቀኑን ሲያስተካክል የሰዓት ክልሉ ዝርዝር ላይ አዲስ አበባ የሚል አጣንና «ናይሮቢ» የሚለውን መረጠ፤ የኔታ ስለዚህ ነገር ምንም አልተናገሩም፤ ገልመጥ ብቻ አደረጉት።

የሐሙሱ ውዳሴ ተከፈተ። ብራናው በጥቁርና በነጭ የተነሣ ስለ ሆነ፥ ቀዩ ቀለም ፈዘዝ ብሎ ይታያል፤ የኔታ ግን ቅድስት የሚለው ቃል ሁሉ በቀይ እንደ ተጻፈ ከፍዝዘቱ ያውቁታል። ጣታቸውን በስክሪኑ ላይ አድርገው፥ ያቆሙበትን ቃል ፈልገው፥ በለሆሳስ ማንበብ ጀመሩ። ወጣቱ ዕቃውን ሰብስቦ፥ ለዋጋው እምቢ ብሎ፥ የባትሪዋን ብቻ ተቀብሎ፥ ልንወጣ ስንል፥ የኔታ «ቆዩ» አሉን። ከደብተራቸው ጠርዝ አንዲት ቁራጭ ወረቀት ቀደዱ፤ በጥቁር ቀለም «ነሐሴ ፲፪ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.» ብለው ጻፉባት፤ ከመቅረዙ ሥር የተንጠባጠበውን የጧፍ ሰም በጣታቸው አሙቀው ከጀርባዋ ቀቧት፤ ከዚያም በስክሪኑ ቀኝ ጥግ፥ ልክ ማሽኑ የራሱን ቀን በሚያሳይበት ስፍራ ላይ አጥብቀው ለጠፏት።

«የኔታ፥ ነገስ?» አላቸው ወጣቱ።

«ነገማ ፲፫ ብዬ እለጥፋለሁ» አሉና ወደ ንባባቸው ተመለሱ።